ዝቋላ ከአራተኛ ፎቅ፦ ለታናሽ ጎረቤቴ የተጻፈ ምክር

ኮሮና አገራችን የገባ ጊዜ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ። አሁን ሥራ ይዘሽ ገና ሳይነጋ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ታክሲ ትጋፊያለሽ፤ የምትመለሺውም መሽቶ ነው። ሰሞኑን ለእናትሽ "የዚያን ጊዜው እርጋታ ይናፍቀኛል" ስትያት ሰማሁ። የኮንደሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይጠብቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅሽም። የናፈቀሽ በሽታው እንዳልሆነ ይገባኛል። ያኔ ዓይንሽ ይገባ የነበረው ትንንሽ ነገር ዛሬ በሩጫ እያመለጠሽ ነው።

እኔ ግን የጎደለሽ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ያኔ ጊዜ ተርፎት፣ ከመሰላቸት በቀር አንድም ነገር ሳያይ የወጣ ሰው ሞልቷል። ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ይለመዳል፣ ካልሠሩበት ደግሞ ይጠፋል። ዕድሜዋን ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች ጡረተኛ ምክር ስጪ ሳይሏት የምትሰጥ ናትና የማውቀውን በቁጥር ጽፌልሻለሁ። ፈተና አይደለም፤ ከፈለግሽበት ጀምሪ። አንደኛውን ብቻ እንዳትዘይው።

1. መጀመሪያ እርጋታው የማን እንደነበር ጠይቂ

"ኮሮና ቀስ ማለትን አስተማረን" የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ፣ ያ ሰው ያኔ ጓዳው ውስጥ ምን እንደነበረው አስቢ። እንደኔ ያለ ጡረተኛ ቤቱ ቁጭ ቢልም ወሩ ሲደርስ ብሩ ይመጣለታል። የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ አደባባዩ ጥግ ጀበና ቡና የምታፈላው ግን የዕለቱን ካልሠሩ የዕለቱን አይበሉም። በዚያ ሰሞን ታክሲ በግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ተብሎ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። እንደ ቱሉ ዲምቱ ካለ የከተማ ጫፍ ተነስቶ መሐል አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው መንገዱ ራሱ ደመወዙን በላው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ እርጋታውም እንዲሁ ነበር፣ ያገኘው ሰው ሁሉም ያገኘው ይመስለዋል።

ማዕድ ማጋራት የሚባለው ነገር በየሰፈሩ የተያዘው ለዚህ ነው። በኛ ብሎክ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ተቀመጠ። ያለው ሰው ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና ይጥልበታል፤ የቸገረው ሲመሽ ይወስዳል። ማን እንዳስቀመጠ አልተመዘገበም፣ ማን እንደወሰደም አልተጠየቀም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ መዝገብ ይያዝ ብለው ነበር፤ አንዲት እናት "ስሜ ከሚጻፍ ብራብ ይሻለኛል" ብላ ስትነግራቸው መዝገቡ ቀረ። ማታ ሙሉ የነበረው ካርቶን ጠዋት ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማኝን ነገር፣ በዚያ ዓመት ካገኘሁት ደስታ ሁሉ ፊት አስቀምጠዋለሁ።

ወላጁን ያኔ በቀበረ ሰው ፊት ደግሞ ስለዚያ ዘመን ጣዕም አታውሪ። ድንኳን ተጥሎ፣ እድርተኛ ተሰብስቦ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ያልተቻለበት ጊዜ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ እንዴት ይለቀሳል? እንዲህ ያለ ሀዘን ቆይቶ ነው የሚያመው። አንዳንዱ ጎረቤታችን ዛሬም አልወጣለትም።

2. ጋራዎቹን በስማቸው ጥሪ

ከአራተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ ቆመሽ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ ስታዞሪ የሚታይሽ የረር ነው። ወደ ደቡብ ስታይ፣ ከዱከምና ከቢሾፍቱ ሜዳ ወዲያ ብቻውን የቆመው ዝቋላ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ጎኖቹ እኩል የወረዱ፣ ጫፉ ደግሞ ጠፍጠፍ ያለ። አንድ ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር፤ አናቱ ላይ አሁን ሐይቅ አለ፣ ከሐይቁ አጠገብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ አማኝ በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 ወደዚያ ይተማል።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ አርብ ዕለት ነው። ማግስቱ የዝቋላው አቦ ነው። በኛ ብሎክ ስንቅ ቋጥረው፣ የሚሄዱበትን መኪና ተነጋግረው ያደሩ ሰዎች ነበሩ። ዜናው ሲመጣ ገሚሱ ሄደ፣ ገሚሱ ቀረ። ከቀሩት አንዷ፣ ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት እማማ፣ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መተላለፊያው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ዝቋላ አዙረው ቆሙ። "ከዚህ ይታያል እንዴ?" አልኳቸው። "አንቺ አስተማሪዋ ሳታውቂ!" ብለው ሳቁብኝ። በመጋቢት አቧራና ጭጋግ ስላለ ጋራው በጣም ደብዛዛ ነበር፤ እሳቸው ግን የት እንዳለ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ሁሉ ደረጃው ላይ ሲፈሱ፣ ሥራ ብዬ የያዝኩት ጋራ ማሳየት ሆነ። የበልግ ዝናብ አቧራውን ባጠበው ማግስት፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት፣ ዝቋላ ከነሸንተረሩ ይወጣል። ረፋድ ላይ ፈልጊው ቢሉሽ አታገኚውም። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁልጭ ብሎ ይውላል። ጋራውን ኮሮና አላመጣውም፤ ቤቱን ስንረከብም እዚያው ነበር። ያላየነው እኛ የምናየው የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ብቻ ስለነበር ነው።

አሁን የራስሽን ላስታውስሽ። በመጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ልክ ከምሥራቅ ትወጣለች፤ ከኛ ሰፈር ሆኖ ለሚያይ ይህ ማለት በየረር በኩል ማለት ነው። ከዚያ ቀን በቀን ወደ ግራ፣ ወደ ሰሜን ትሸሻለች፤ ሰኔ ላይ ከጋራው ርቃ ትወጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ መስከረም ላይ እንደገና የረር ጋ ትደርሳለች፤ ታህሳስ ላይ ወደ ደቡብ ታልፋለች። ይህን በክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ የሚገባው ተማሪ ጥቂት ነበር። አንቺ ግን በመተላለፊያው ብረት ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እየቆምሽ፣ በየእሁዱ ፀሐይ የወጣችበትን በማርከር ምልክት አደረግሽ። ሰኔ ላይ ምልክቶቹ አንድ ክንድ ያህል ሄደው ነበር። ብረቱ ከዚያ በኋላ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለም ቀቢው ግን ከሥር በኩል ስላላዳረሰው ሦስቱ ዛሬም ይታያሉ። ሂጂና እያቸው። ስም የሌለው ነገር ዓይን ውስጥ አይቀመጥም፤ ስሙን ካወቅሽ ግን በታክሲ መስኮት ስታልፊም ታገኚዋለሽ። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ስትወጪ የፀሐይ መውጫው በቀኝሽ ነው።

3. ማመልከቻውንም ጻፊ፣ ማንኪያውንም ምቺ

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያኔም እንዲሁ ነበር። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ "እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ" ይላል፣ ቧንቧው ደርቋል። ይህን ለማሳመር አልሞክርም። ችግር ነበር፤ ዛሬም ችግር ነው።

ነገር ግን ውሃው ሲመጣ የሚሆነውን አስታውሺ። ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። መጀመሪያ ቧንቧው አየር እየተፋ ፊሽ ይላል። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ትፍ ትፍ ይላል፤ እሱን ለሽንት ቤት በባልዲ ትይዢዋለሽ። ቆይቶ ይጠራል። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያለው ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ያገኛል፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ይቆያል። እንግዲህ ያ ሰው የራሱን በርሜል ሞልቶ ተመልሶ መተኛት ይችል ነበር። አይተኛም። ከኮሮና በፊት በር እያንኳኳ "ውሃ መጣ!" ይል ነበር፤ የሰው በር መንካት ሲፈራ ደግሞ የደረጃውን ብረት በማንኪያ መምታት ጀመረ። ብረቱ ከታች እስከ ላይ አንድ ስለሆነ ድምፁ አምስተኛውም ደረጃ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ መብራቱ በየቤቱ ተራ በተራ ይበራል፤ ባልዲና ጀሪካን ይንኳኳል፤ ጭንብሉን አገጩ ሥር ያደረገ አባወራ በፒጃማ ሲሮጥ እየታየ ይሳቃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መላው ብሎክ ነቅቶ፣ ማንም ማንን ሳይቀርብ፣ በአንድ ነገር ደስ ይለዋል።

ጀሪካን ሲሞላ ድምፁን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ሲጀምር ወፍራም ነው፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። ልምድ ያላት ሴት መብራት ጠፍቶ እንኳ ሊሞላ ሲል በጆሮዋ ታውቀዋለች፤ አንዲት ጠብታ አታፈስም። እናትሽ በዚህ የሚወዳደራት የለም። አንድ ቀን አጠገቧ ቆመሽ ስሚ።

ከችግር የተለየ፣ ንጹሕ ሆኖ ለብቻው የሚመጣ ደስታ ብትጠብቂ ብዙ ትጠብቂያለሽ። ውሃ ባለመምጣቱ አቤት ማለትሽን ሳትተይ፣ ሲመጣ በመምጣቱ ደስ ይበልሽ። "ደስ ካላችሁማ ምን ቸገራችሁ" የሚል ሹም ካጋጠመሽ ግን አትመኚው፤ የደረጃው ብረት ላይ የሚመታው ማንኪያ የጎረቤት ደግነት ነው፣ የማንም የሥራ ሪፖርት አይደለም።

4. አንድ ድምፅ ለይተሽ ያዢ

ያ ጊዜ ጸጥታ ነበር ይባላል። የኛ ሰፈር ግን ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ነውና የጅቡቲ መኪኖች ሌሊትና ቀን ሲያልፉ ይሰማሉ። አገር ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ስንዴውንና ነዳጁን ያመጡት እነሱ ናቸው። ሌላው ጋብ ሲል የእነሱ ድምፅ ጎልቶ ወጣ፤ የመኪና ድምፅ ሌሊት ሲረብሸኝ የኖርኩ ሴት ሲያልፉ "በሰላም ግቡ" ማለት ጀመርኩ።

ሌላውን ታስታውሽዋለሽ። ስልክ ስትደውዪ ከመጥሪያው ፋንታ የእጅ መታጠብ ምክር ይመጣ ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን የታማሚ ቁጥር ሲያወጡ በየቤቱ ወሬ ይቆማል። ከመጋቢት 28 ጀምሮ ለአንድ ወር የሃይማኖት አባቶች በየተራ በቴሌቪዥን ሲጸልዩ የሁሉም ቤት መስኮት አንድ ድምፅ ያወጣል። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ፤ እኩለ ሌሊት ላይ "ክርስቶስ ተንሥአ" የተባለው ከየሳሎኑ ነው። ቀጥሎ ረመዳን ገባ፤ ኢድም በየቤቱ ተሰገደ። ሁሉንም ልያዝ ብትይ አንዱም አይቀርሽም። አንድ ምረጪ። እኔ የመኪኖቹን መረጥኩ፤ አንቺ የራስሽን ታውቂያለሽ።

5. ቡናውን ለብቻሽ አትጠጪ

ይህን ባልጽፈውም ታውቂዋለሽ። በኮሮና ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ሲኒውን ይዞ በየበሩ ይቀመጣል፤ ጀበናው አንድ ቤት ነው፤ የምትቀዳዋ ብቻ ትነሳለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንዱም አልተጓደለም። ቆሎው ብቻ ከአንድ ሳህን መዘገኑ ቀርቶ በየኩባያው ተሰፈረ፤ አንዳንዱ በዚያው ለምዶት ዛሬም ለብቻው ይዞ ይበላል። ይህኛውን ልማድ አልወደድኩትም።

6. የሽምብራውን ጤዛ ቅመሺ

ከብሎኮቹ ጀርባ ወጣ ሲሉ እርሻ ነበር። አሁን ብዙው ግንባታ ገብቶበታል፤ ቢሆንም የተረፈች አለች። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። ጤፉ በሐምሌ ይዘራል። ሽምብራው ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው የሚገባው፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበትና በሌሊቱ ጤዛ ያድጋል። ጥቁር መሬት ሲመቸው እንዲህ ነው፤ ክረምት የጠጣውን ይዞ ይቆያል።

በ2013 ጥቅምት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን፣ ልጆቹን ይዤ በጠዋት ወጣሁ። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። "አካም ቡልታን" ብለን ቆምን፤ ይግቡ አሉን፤ ርቀታችሁን ጠብቁ ብለውም ቀለዱብን። አንድ የሽምብራ ቅጠል አሳይቼ ልጆቹን ንኩት አልኳቸው። ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ጸጉር አለ፤ ከጸጉሩ ጫፍ የምትወጣ ጠብታ ጠዋት ጠዋት ከጤዛው ጋር ትቆያለች። ጣትን አስነክቶ መላስ ነው። ሎሚ! መራራ የጠበቀ ልጅ ሁሉ ፊቱ ተጨማደደ። ተክሉ ይህን ኮምጣጣ ነገር የሚያወጣው ራሱን ከነፍሳት ለመከላከል ነው። ሽምብራ እሸት በህዳርና በታህሳስ ከነግንዱ ገዝታችሁ ስትፈለፍሉ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ኮምጠጥ ያለ ነገር ይኸው ነው፤ ሁላችንም ቀምሰነው ማናችንም አላሰብነውም።

እዚያው ማሳ ዳር፣ በመስቀል ሰሞን ከሆነ፣ የመስቀል ወፍ ፈልጊ። ወንዱ ክረምት ላይ ደማቅ ቀለም ይለብሳል፤ በጋ ሲገባ ያወልቀውና ከሌላው ድንቢጥ አትለዪውም። ችግኝም በዚያ ክረምት በብዛት ተተክሏል፤ የ2012 የአረንጓዴ አሻራ ዕቅድ 5 ቢሊዮን ነበር። በኛ ግቢ ከተተከሉት ውስጥ የጸደቁት አንዲት የምድር ቤት ልጅ የዕቃ እጣቢ እየወሰደች ታጠጣቸው የነበሩት ናቸው። ሌላው ከፎቶው በኋላ አልቆየም።

7. ህዳር ሲታጠን የጎደለውን ጻፊ

በየዓመቱ ህዳር 12፣ በሚካኤል ቀን፣ ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ህዳር ሲታጠን እንላለን። መነሻው በ1911 ዓ.ም. ህዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የህዳር በሽታ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ያው የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ። በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ይባላል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪም ታመው ከሞት ነው የተረፉት። የዛሬውን ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠል እኔ አልደግፍም፤ ደረቴን ያፍነኛል፣ ያንቺንም ታናሽ ወንድም አስም ይቀሰቅስበታል። ቆሻሻውን መጥረጉ ይበቃል።

የምልሽ ሌላ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈልን ሬሳውና ጭሱ ነው። ከበሽታው የዳነ ሰው መጀመሪያ የጎረሰው ምን ነበር? ቤታቸው ተዘግተው የተቀመጡት ልጆች ምን ተጫወቱ? የታመመ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ውሃ አስቀምጦ የሄደው ማን ነው? ይህን የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ እኛ መጋቢት 2012 ላይ ስንደነግጥ የምንይዘው ነገር ይኖረን ነበር። አንቺ "ደብተር አላት" ስትባዪ የኖርሽ ልጅ ነሽ። የሞቱትን ከነስማቸው ጻፊ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ካርቶኑን፣ ማንኪያውን፣ የሽምብራውን ጠብታ ጻፊ። አሳምረሽ ባትጽፊው ግድ የለም፤ ቀኑንና ቦታውን ብቻ አትርሺ።

8. ስልክሽ ይቆይ

አንድ ነገር ሲያስደስትሽ ወዲያው ፎቶ አታንሺው። መጀመሪያ ጠግበሽ እዪው፤ ከዚያ አንሺው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁለተኛው እርምጃ ይቀራል። በታክሲ ሰልፍ ላይም ስልክ ከማየት ከፊትሽ የቆመውን ሰው እዪ፤ ሦስት ዓመት አብረሽው ተሰልፈሽ ስሙን አታውቂም።

9. ጥላሽን በቀትር ፈልጊው

የመጨረሻው የሙያዬ ነው፤ ታገሺኝ።

ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሁድ ጠዋት፣ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። በላሊበላ በኩል ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰፊው ክፍሏ ተሸፍኖ ማጭድ መስላ ቀረች። በዓይን እንዳታዩ ብዬ ልጆቹን ጀርባቸውን አስዙሬ አቆምኳቸው፤ እናትሽ የፓስታ ማጥለያዋን አመጣች። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ማጥለያውን ከፍ አድርገን ስንይዘው ሲሚንቶው ላይ በየቀዳዳው ልክ ደቃቅ ማጭድ ተደረደረ። አንዱን ለመርገጥ ልጆቹ ሲዘሉ ማጭዱ በሚረግጠው ጫማቸው ላይ ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ዕድሜ ጥቂት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው፤ አንቺ ገና በልጅነትሽ አየሽው።

በየዓመቱ የሚመጣ ግን አለ፤ መግቢያ የለውም፣ ወረፋ የለውም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን በአናታችን ትክክል ታልፋለች። አንደኛው ሚያዝያ 4 ወይም 5 ነው፤ በ2012 ከሆሳዕና ጋር ገጥሞ ነበር፤ ሰዉ ቤቱ ውሎ፣ ዘንባባ በግንባሩ ሳያስር ባለፈባት እሁድ። ሰዓቱ እኩለ ቀን እንዳይመስልሽ። የአገራችን ሰዓት የተሰፈረው ከኛ ወደ ምሥራቅ በሚያልፈው መስመር ስለሆነ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ጥላ የለውም። የሰውም ጥላ ተሰብስቦ እግሩ ሥር ይገባል። ጀሪካን አቁመሽ ብታዪ ጥላው ዙሪያውን እኩል ከሥሩ ተደብቆ ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ነሐሴ 24 ገደማ ነው፤ ክረምት ስለሆነ ደመናው አያሳይሽም። ስለዚህ የሚያዝያውን ያዢ። የሥራ ቀን ከሆነ የምሳ ሰዓትሽ ነው፤ ጓደኞችሽን ይዘሽ ከቢሮው በር ላይ ውጪ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቅዳሜ ወይም እሁድ ከዋለ እኔም ጀሪካኔን ይዤ ብሎኩ ፊት ለፊት እገኛለሁና ታናሽ ወንድምሽን አምጪው።